ቱሊፕ በዓመቱም እንዲያብብ፦ የሃርለም መደቤ የሥራ ማስታወሻ

ሴፕቴምበር መጨረሻ

የዘንድሮ ሥራዬ ዓላማው አንድ ነው። የምተክለው ቱሊፕ በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያም በኋላ እንዲያብብልኝ እፈልጋለሁ። እዚህ ሆላንድ ውስጥ እንኳን ብዙ ሰው ብርዱ ሳይገባ ይገዛል፣ ብርዱ ሲለቅ አበባውን አይቶ ይደሰታል፣ ሲረግፍ ነቅሎ ይጥላል፣ በዓመቱ ደግሞ አዲስ ይገዛል። ዋጋው ቀላል ስለሆነ ማንም ግድ የለውም። እኔ ግን ግድ አለኝ። ተክሉ ሕይወት አለው፣ በአግባቡ ከተያዘ ይወልዳል፣ ይባዛል። አንዴ ታይቶ የሚጣል ዕቃ መሆን የለበትም።

ቦታዬ ሃርለም ዳር ነው። ሰዉ ፎልክስታውን ይለዋል፤ ማኅበር እየሸነሸነ ለአባላቱ የሚያከራየው የአትክልት ቦታ ነው። ጎመንና ቃሪያ ከምተክልበት ራቅ አድርጌ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኘውን ጥግ ለቱሊፕ ለይቻለሁ። ከሃርለም እስከ ላይደን ያለው መሬት አብዛኛው የባሕር አሸዋ ነው፣ ውሃ አይቋጥርም። የአበባ ገበሬዎቹ እዚህ መስፈራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ቱሊፕ ብርድን ይችላል፤ ብርድና ጭቃ አንድ ላይ ሲመጡበት ግን ይበሰብሳል። ዋልካ አፈር ላይ ያላችሁ መደቡን ከፍ አድርጉት፣ አሸዋና የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉበት። ትኩስ ፍግ በፍጹም አታስገቡ።

ዛሬ ሽንኩርቶቹን ገዛሁ (ሽንኩርት የምለው ከመሬት በታች የሚቀበረውን ክፍል ነው)። መጀመሪያ የማየው ውፍረቱን ነው። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሽንኩርቱ ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ነው፣ እኔ ከ12 በታች አልገዛም። ትንሽ ሽንኩርት ቅጠል ብቻ አውጥቶ ሊቀር ይችላል፤ የሚያብብበት ስንቅ የለውም። ከዚያ ጫን አድርጌ እዳብሳለሁ፣ ለስላሳ ቦታ ካለው እመልሰዋለሁ። አሸትተዋለሁም። ኮምጠጥ የሚል ሽታ ካለው ፉሳሪየም የሚባል ፈንገስ ገብቶበታል። የታመመው ሽንኩርት ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ደግሞ አጠገቡ ባሉት ጤነኞች ውስጥ ያለውን የአበባ እንቡጥ ሳይወጣ ይገድለዋል። አንድ የበሰበሰ ሽንኩርት ሙሉ ከረጢት ያበላሻል ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ወሳኙ ዓይነቱ ነው። በየዓመቱ ተመልሰው በማበብ የታወቁት ዳርዊን ሃይብሪድ የሚባሉት ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ቀዩን አፔልዶርን ወሰድኩ። ለጥቁረቱ ብዬ፣ በእውነቱ ጥቁር ሐምራዊ ነው፣ ኩዊን ኦፍ ናይት ጨመርኩ። ከ1750 ጀምሮ የሚታወቀውን ካይዘርስክሮንንም አገኘሁ፣ ቀይ ሆኖ ጠርዙ ቢጫ ነው። ከዱር ዝርያዎቹ ታርዳንና ክሉሲያናን ያዝኩ። አጫጭር ናቸው፣ አበባቸው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከተመቻቸው ለብዙ ዓመት ሳይነቀሉ እዚያው ይራባሉ። ፓሮት የሚባሉት ጠርዛቸው የተበጣጠሰ ትልልቆቹ በጣም ያምራሉ፣ በሁለተኛው ዓመት ግን ይደክማሉ። ለዘንድሮ ዓላማዬ ስለማይሆኑ ተውኳቸው።

ኦክቶበር

መደቡ ዝግጁ ነው፣ ሽንኩርቱ ግን ገና መጋዘን ውስጥ ነው። መሬቱ ገና ሞቃት ነው። አፈሩ ከ10 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ መትከል ይሻላል፣ ምክንያቱም ቦትራይቲስ የሚባለው የቱሊፕ ዋና በሽታና ሌሎቹ ፈንገሶች ሞቃትና እርጥብ አፈር ይወዳሉ። ጎረቤቶቼ ዳፎዲላቸውን (እሱም ከሽንኩርት የሚበቅል አበባ ነው) ቀብረው ጨርሰዋል። ለዳፎዲል ልክ ነው። ቱሊፕ ይጠብቃል።

ትናንት እቴቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። "እኛስ ጋ ለምን አይበቅልም? ብርድ የለም ያለሽ ማነው፣ ሐምሌን ረሳሽው?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የአዲስ አበባ ሐምሌ ያንቀጠቅጣል። ለቱሊፕ ግን አይበቃውም። የመጣው ከመካከለኛው እስያ ተራሮች፣ ከቲያን ሻንና ከፓሚር አካባቢ ነው። እዚያ ክረምቱ፣ ማለትም የብርዱ ወቅት፣ ረጅምና ከባድ ነው፣ ከዚያ አጭር እርጥብ ወቅት ይመጣል፣ ቀጥሎ በጋው ደረቅ ነው። ሽንኩርቱ ከ9 ዲግሪ በታች ከ12 እስከ 14 ሳምንት ካልቆየ ዘንጉን የሚያስረዝመው ነገር አይነቃም። አበባው ቅጠል ውስጥ እንደተቀረቀረ ይቀራል።

ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ መንገዱ ፍሪጅ ነው። በወረቀት ከረጢት አድርጎ ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ባለው ቦታ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በኅዳር ወይም በታኅሣሥ አውጥቶ ጥላ ባለበት መትከል ነው። ሙዝና ፖም ያለበት ፍሪጅ ውስጥ ግን አይሆንም፣ ፍራፍሬ ያንኑ ኤቲሊን ያወጣል። ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሽንኩርት በሻንጣ ይዞ መግባትም የተክል ጤና ማረጋገጫ ወረቀት እንደሚጠይቅ ነገርኳት። "እንግዲያው የአንቺን በቪዲዮ አሳዪኝ" ብላ ተወችው።

ኖቬምበር አጋማሽ

ተተከለ! ቀኑ ግራጫ ነበር፣ አፈሩ ቀዝቃዛና እንደ ልብ የሚታዘዝ።

ጥልቀቱን ከሽንኩርቱ ቁመት ሦስት እጥፍ አደረግሁት፣ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። በዓመቱም እንዲያብቡ ስለምፈልግ ለትልልቆቹ ጥቂት ጨመር አድርጌላቸዋለሁ። ጥልቅ ሲሆን አፈሩ በበጋ ቶሎ አይሞቅም፣ አይጥም በቀላሉ አትደርስበትም። በመሃላቸው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ተውኩ። ጫፉ ወደ ላይ፣ ሥር የሚወጣበት ጠፍጣፋው ቂጥ ወደ ታች። አንድ ጎናቸው ደግሞ ለጥ ያለ ነው፣ የመጀመሪያው ትልቅ ቅጠል የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። መደቡ ጠርዝ ላይ ያሉትን ለጥ ያለውን ጎናቸውን ወደ ውጭ አዙሬ ተከልኳቸው፣ ቅጠሉ መንገዱን ይዞ ይዘረጋል፣ ያምራል።

ጓንት አትርሱ። ሽንኩርቱ ቆዳ የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር አለው፣ ቀኑን ሙሉ በባዶ እጅ የሚነካካ ሰው ጣቱ ይሰነጣጠቃል። እርሻ ላይ የሚሠሩት በደንብ ያውቁታል።

በላዩ ስስ የቅጠል ጉዝጓዝ አለበስኩትና የሽቦ መረብ ዘረጋሁበት፣ ለአይጥና ለድመት።

ዲሴምበር

ከላይ ምንም አይታይም። ከታች ግን ሥሩ ወጥቶ አልቋል። የቱሊፕ ሥር ቅርንጫፍ የለውም፣ ከተቆረጠም መልሶ አይወጣም። ስለዚህ አሁን መቆፈር፣ ማዛወር፣ "እስቲ ልየው" ብሎ መነካካት የለም።

ጎረቤቴ ሽማግሌው ሆላንዳዊ ቡና ይዞልኝ መጣና ስለ እናቱ አወራኝ። በ1944 እና በ1945 መካከል የነበረው ክረምት እዚህ የረሃብ ክረምት ይባላል። ጀርመኖች ምዕራቡን የአገሪቱን ክፍል ይዘው ሳለ ምግብ ጠፋ፣ ወደ 20,000 ሰው አለቀ። ሰዉ የቱሊፕ ሽንኩርት ቀቅሎ በላ። በጦርነቱ ምክንያት ያልተሸጠና ያልተተከለ ሽንኩርት በየመጋዘኑ ነበር። መሃሉ ላይ ያለችውን ቢጫ ቡቃያ አውጥታችሁ ጣሉ፣ ትጎዳለች ተብሎ ይነገር ነበር። እናቱ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ቱሊፕ ቤት አላስገባችም አለኝ። ረሃብን በወሬም በዓይንም ከሚያውቅ አገር ለመጣ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዝም ብለን ቡናውን ጠጣን።

ጃንዋሪ

በወሩ ሦስተኛ ቅዳሜ አምስተርዳም ሄድኩ። ሙዜየምፕላይን የሚባለው አደባባይ ላይ ገበሬዎቹ 200,000 ያህል ቱሊፕ ደርድረው ሰዉ በነፃ ይቆርጣል። የቤት ውስጥ ቱሊፕ ወቅት የሚከፈተው በዚህ ነው። እነዚህ በግሪንሃውስ የደረሱ ናቸው፣ ቅዝቃዜያቸውን መጋዘን ውስጥ ጨርሰዋል። የእቴቴ ፍሪጅ በትልቁ ማለት ነው።

አንድ እቅፍ ይዤ ተመለስኩ። ቱሊፕ ከተቆረጠ በኋላም ያድጋል፣ ማሰሮ ውስጥ ብዙ ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ወደ መስኮቱም ይዞራል። ሰው ደከመ ብሎ ይጥለዋል። ደክሞ አይደለም፣ እያደገ ነው! ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃዋል፣ ጫፉን ቆረጥ እያደረጋችሁ ውሃውን ቀይሩለት። ከዳፎዲል ጋር አንድ ውሃ ውስጥ አታድርጉት፣ የዳፎዲል ዝልግልግ ፈሳሽ ቱሊፕን ያጠወልጋል።

ፌብሩዋሪ መጨረሻ

ጫፋቸው ብቅ አለ! ታርዳ ቀደመ። ሌሊት ውርጭ ነበር፣ ጠዋት ቅጠሉ ተኝቶ አገኘሁት፣ ፀሐይ ሲወጣ ቀና አለ። ውርጭ አያስፈራውም።

ማዳበሪያ አሁን ነው የሚሰጠው፣ ፖታሽ ያለው፣ ናይትሮጅኑ ያነሰ። አበባው ሲወጣ መስጠት የዘገየ ነው፤ ተክሉ ለሚቀጥለው ዓመት የሚበላው ከአሁን ጀምሮ ነው።

ከአፔልዶርኖቹ አንዱ ተጣሞ፣ ቅጠሉ የተቃጠለ መስሎ ወጣ። ቦትራይቲስ ነው። ከነአፈሩ ቆፍሬ አውጥቼ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ኮምፖስት ውስጥ አይገባም፣ በሽታው አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል።

ኤፕሪል

አበባ! መጀመሪያ ታርዳ፣ መሃሉ ቢጫ ጫፉ ነጭ፣ መሬት ላይ የተኛ ኮከብ። ከዚያ ካይዘርስክሮን፣ ከዚያ አፔልዶርን። ኩዊን ኦፍ ናይት ገና እንቡጥ ነው፣ እሱ ሜይ ላይ ነው የሚመጣው።

ቱሊፕን ቁጭ ብላችሁ እዩት። ጠዋት ዝግ ነው። ፀሐዩ ሲሞቅ የአበባው ቅጠል የውስጥ በኩሉ ከውጭው ፈጥኖ ያድግና ይከፈታል፤ ሲበርድ የውጭው በተራው ያድግና ይዘጋል። መከፈቱም መዘጋቱም እድገት ስለሆነ አበባው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይተልቃል። የመጨረሻው ቀን አበባ ከመጀመሪያው ቀን የሚበልጠው ለዚህ ነው። ሲከፈት ደግሞ ውስጡን ተመልከቱ። አፔልዶርን ከውጭ ቀይ ብቻ ነው፣ ከውስጥ ግን በቢጫ የተከበበ ጥቁር አለው። ብዙ ሰው ከላይ ቆሞ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፣ ያንን ሳያይ። ለእቴቴ በቪዲዮ ሳሳያት ዝም ብላ ቆየችና "ውስጡንም ይሄን ያህል አስጊጦታል?" አለች።

ኩውከንሆፍ የሚባለው የአበባ መናፈሻ ከእኔ ብዙ አይርቅም። ከ1950 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ 32 ሄክታር ነው፣ በየዓመቱ ወደ 7 ሚሊዮን ሽንኩርት በእጅ ይተከልበታል። ያምራል፣ ሂዱ። ግን ያ ሁሉ ሽንኩርት ወቅቱ ሲያልቅ ይነቀላል፣ በዓመቱ ሌላ ይተከላል። እኔ የምመክረው ከኩውከንሆፍ ሌላ ሊመን የሚባለው መንደር ያለውን ሆርቱስ ቡልቦሩም የሚባል የአበባ ቦታ ነው። ከአልክማር አጠገብ ነው። ትንሽ ነው፣ ግርግር የለበትም፣ ከ4,000 በላይ የቆዩ የአበባ ሽንኩርት ዓይነቶች አሉት። ከየመደቡ ፊት ስምና ዓመት ተጽፏል። ዱክ ፋን ቶል፣ 1595። ዞመርስኾን፣ 1620። ዞመርስኾን ፊት ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ክሬም መልክ ላይ ሮዝ ነበልባል።

ለምን እንደቆምኩ ላስረዳ። ቱሊፕ ሲተከል ያቺ ሽንኩርት በዓመቱ አትኖርም። አበባዋን ታወጣለች፣ ስንቋን ትጨርሳለች፣ ታልቃለች። በምትኩ ከውስጧ አንድ ትልቅና ጥቂት ትንንሽ ልጆች ይፈጠራሉ። ሙዝ አፍርታ ስትሞት ልጇ እንደሚተካት ማለት ነው። ልጁም የእናቱ ትክክለኛ ቅጂ ነው፣ ከዘር የመጣ ሳይሆን ከራሷ አካል። ስለዚህ ሊመን ያየሁት ዞመርስኾን የ1620ው ተክል ራሱ ነው። ከ400 ዓመት በላይ በየዓመቱ አንድ ሰው ቆፍሮ አውጥቶት፣ አድርቆት፣ መልሶ ተክሎታል። አንድ ሰው አንድ ዓመት ቢሰንፍ ኖሮ ዛሬ የለም ነበር።

የነበልባሉ ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ቱሊፕ ከኦቶማኖች በኩል መጥቶ፣ ክሉሲየስ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ በ1593 ላይደን ከገባ በኋላ በዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ቦታ ተከለው። ከዚያ እዚሁ ሃርለምና አካባቢዋ ሰዉ በሽንኩርት ንግድ አበደ። ዋጋው በፌብሩዋሪ 1637 ሃርለም ላይ እስኪወድቅ ድረስ በጣም የተፈለጉት ዝንጉርጉሮቹ ነበሩ። ሴምፐር አውጉስቱስ ለሚባለው፣ ነጭ ላይ ቀይ፣ እስከ 10,000 ጊልደር ተጠይቋል፣ በዚያ ገንዘብ አምስተርዳም ቦይ ዳር ትልቅ ቤት ይገዛ ነበር። ዝንጉርጉርነቱን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነው፣ ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) ከተክል ወደ ተክል ያሻግረዋል። ዝንጉርጉርነቱ ከተክል ወደ ተክል የሚተላለፍ በሽታ መሆኑን ዶሮቲ ኬይሊ የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ በ1928 ነው ያሳየችው። ቫይረሱ ሽንኩርቱን ያደክመዋል፣ ልጆቹም ያንሳሉ። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰው በሽተኛ ተክል ላይ ነበር።

ከካይዘርስክሮኖቼ መሃል አንዱ ያልተለመደ ጭረት አሳየ። በጣም ያምር ነበር። ሁለት ቀን አየሁት፣ ፎቶ አነሳሁት፣ ከዚያ ነቀልኩት። ጎረቤቶቼም ቱሊፕ አላቸው። ዛሬ ሱቅ የሚሸጡት ዝንጉርጉሮች ጤነኞች ናቸው፣ ጭረታቸው ከዘራቸው ነው፣ እነሱን ሳትሰጉ ትከሉ።

ሜይ

የሁሉም ቁልፍ ያለው እዚህ ወር ላይ ነው። አበባው ረገፈ፣ መደቡ አያምርም፣ መንገደኛ ቀና ብሎ አያይም። ሽንኩርቱ የሚሠራው ግን አሁን ነው።

የአበባውን ራስ ብቻ ቀነጠስኩ፣ ዘር ቋጥሮ ጉልበቱን እንዳይጨርስ። ገበሬዎቹም ይህንኑ ያደርጋሉ። ያ በቀለም የተሞላ እርሻ አንድ ቀን በማሽን ራሱ ተቆርጦ አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ቱሪስት ያዝናል። ለገበሬው ግን ምርቱ አበባው አይደለም፣ ከታች ያለው ነው።

አረንጓዴው ቅጠልና ዘንጉ ይቆያሉ። አይቆረጡም፣ አይታሰሩም፣ አይጎነጎኑም። ከፀሐይ ምግብ ሠርተው ወደ ልጆቹ የሚያወርዱት እነሱ ናቸው፣ ወደ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ሰው ቱሊፕ በዓመቱ አያብብም ሲል ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ አስቀያሚ ሆነ ተብሎ ተቆርጧል። ቅጠሉን ማየት ካልፈለጋችሁ ከፊቱ ሌላ ነገር ትከሉ። እኔ ጎመን ዘር በትኛለሁ። ዝናብ ከጠፋም ውሃ አጠጡ፣ ቅጠሉ ቢጫ መሆን እስኪጀምር ድረስ።

ጁን መጨረሻ

ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ቢጫ ሆነ፣ ስለዚህ በመንሽ ከሩቅ እየገባሁ አወጣሁ። የተከልኳቸው የሉም፣ ቡናማ ቅርፊታቸው ብቻ ቀርቷል። በቦታቸው ነጫጭና ወፋፍራም ልጆች! አፔልዶርን አኮራኝ፣ አብዛኛው ከ12 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ አንድ ትልቅ ልጅ ሰጥቷል፣ ከጎኑም ትንንሾች። ካይዘርስክሮን ደህና ነው። ኩዊን ኦፍ ናይት አነስ ብሏል፣ ለሱ ሌላ ዓመት እሰጠዋለሁ። ታርዳንና ክሉሲያናን አልነካሁም፣ ባሉበት ይቆዩ።

አፈሩን አራግፌ፣ ጥላ ውስጥ አየር በሚያገኝ ሳጥን ላይ በአንድ ረድፍ ዘረጋኋቸው። ፀሐይ ላይ ማስጣት የለም፣ ይቀቅላቸዋል። ሲደርቁ በመረብ ከረጢት ሰቀልኳቸው። ሙቀቱ ከ20 እስከ 23 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሽታቸውንም በየሳምንቱ እፈትሻለሁ።

ኦገስት

አንዷን መሃል ለመሃል ሰነጠቅኳት። አርሶ አደሮቹም መቼ ወደ ቅዝቃዜ እንደሚያስገቡ ለመወሰን እንዲህ ያደርጋሉ። በማጉያ መነጽር ሳያት ሁሉም አለ፦ ስድስቱ የአበባ ቅጠል፣ ስድስቱ ወንዴ፣ መሃል ላይ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ሴቴ፣ ሁሉም ከሩዝ ፍሬ ያነሰ። የመጪው ኤፕሪል አበባ ተሠርቶ አልቋል፣ የቀረው ብርድ ማግኘትና መርዘም ነው። ፎቶውን ለእቴቴ ላክሁላት።

የሚቀጥለው ሥራ፦ ትልልቆቹ ኖቬምበር ላይ ወደ ሌላ መደብ ይሄዳሉ፣ በዚህኛው በቦትራይቲሱ ምክንያት ለሦስት ዓመት ቱሊፕ አልተክልበትም፣ ድንችና ጎመን ይገባበታል። ትንንሾቹ አጥሩ ሥር ለብቻቸው ረድፍ ይኖራቸዋል፤ የመጀመሪያው ዓመት አንድ አንድ ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጡት፣ ለማበብ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋሉ። ጎረቤቴ ሽማግሌውም ከአፔልዶርን ልጆች የተወሰነ ጠይቆኝ በወረቀት ከረጢት ለይቼለታለሁ፣ ኦክቶበር ላይ መደቡን አብረን እንቆፍራለን።